ቆሞ የሚሠራ ሞተር ምኑ ይበላል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

መኪና የምትነዱ፣ መኪና የምትጠግኑ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ የምትማሩ፣ የዛሬው የቴክኒክ ዝግጅታችን በተለይ ለእናንተ ነው። የምናወራው በሞተሩ ውስጥ ተደብቀው ስለሚኖሩ ሁለት ዕቃዎች ነው፤ አንዱ የቫልቭ ሞላ፣ ሌላው ካምሻፍት።

በጥያቄ ልጀምር። መቀሌ ላይ አንድ ሲኖትራክ ሲሚንቶ ሊጭን መሰቦ ፋብሪካ በር ላይ ተሰልፏል እንበል። ሹፌሩ ሞተሩን አላጠፋም፤ በሚኒሞ እየሠራ ሁለት ሰዓት ቆመ። ሌላው ሲኖትራክ በዚያው ሁለት ሰዓት ጭነቱን ይዞ በአዲ ጉዶም በኩል ወደ ማይጨው ተጓዘ። የየትኛው ካምሻፍት የበለጠ ተጎዳ?

ብዙ ሰው «የተጓዘው ነዋ፤ የቆመውማ አርፏል» ይላል። ስለ ፒስተን ወይም ስለ ፍሪሲዮን ብንነጋገር ልክ ነበር። የካሙን ጉብታ ጫፍ ከጠየቃችሁኝ ግን መልሴ የቆመው ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከሞላው መነሳት አለብኝ፤ ካሙን የሚበላው ኃይል የሚመጣው ከሞላው ነውና።

ፎር ስትሮክ በሆነ ሞተር ላይ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። በካሙ ላይ ያለው ጉብታ ቫልቩን ገፍቶ ይከፍታል፤ የመዝጋቱን ሥራ ግን ለሞላው ይተዋል። ስለዚህ በሞላው ላይ ሁለት ቁጥር ማወቅ ይበቃል፦ ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ ያለው ግፊትና ቫልቩ ጨርሶ ሲከፈት ያለው ግፊት። በምሳሌ ላስረዳ። ቫልቩ ሲዘጋ 30 ኪሎ የሚጫን ሞላ አለን እንበል፤ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ደግሞ 3 ኪሎ ይጨምራል። ቫልቩ 10 ሚሊሜትር ሲከፈት የሞላው ግፊት 60 ኪሎ ይደርሳል። ይህ 60 ኪሎ በሙሉ የሚያርፈው በጉብታው ጫፍ ላይ ነው።

ታዲያ ሞላው ይህን ያህል ጠንካራ መሆኑ ለምን አስፈለገ? ቫልቩም፣ በካሙና በቫልቩ መካከል ያሉት ታፔቱና ሮከሩም ሁሉም ክብደት ስላላቸው ነው። ጉብታው ወደ ላይ ከወረወራቸው በኋላ እዚያው ሊንሳፈፉ ይፈልጋሉ። ሞላው ይዞ ካልመለሳቸው ታፔቱ ከካሙ ይላቀቅና ቫልቩ በሰዓቱ ሳይዘጋ ይቀራል። ሞላው የሚታገለው ይህ ኃይል ደግሞ ከሞተሩ ዙር ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው፤ ዙሩ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የሚንቀሳቀሰው ዕቃ ሁሉ ተደምሮ 200 ግራም ነው እንበል፣ ሞላው የቅድሙ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር በጉብታው ጫፍ ላይ ወደ ላይ የሚንሳፈፈው ኃይል 22 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህ ኃይል ከሞላው ግፊት ላይ ይቀነሳል፤ ከ60 ኪሎው ለካሙ የሚተርፈው 38 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ዙሩ ወደ 4900 ሲጠጋ ሁለቱ እኩል ይሆኑና ታፔቱ ካሙን ይለቃል። አሁን ደግሞ ወደ ሚኒሞ እንውረድ፣ ወደ 800 ዙር። የሚንሳፈፈው ኃይል ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም። የጉብታው ጫፍ 58 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ የሞላውን ግፊት ሙሉ በሙሉ ለማለት ይቻላል።

መልሱ ይኸው ነው። በፍጥነት የሚሮጥ ሞተር ለጉብታው ጫፍ ያቀልለታል፤ በዚያ ጊዜ የሚቸገረው ቫልቩን አስፈንጥሮ የሚያስነሳው የጉብታው ጎን ነው። በሚኒሞ የሚሠራ ሞተር ግን ሙሉውን ጫና በጫፉ ላይ ይጥላል፤ በሰዓት 24,000 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ቫልቭ።

የዘይቱ ነገር ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። ሁለት ብረቶች እየተንሸራተቱ ሲያልፉ ዘይቱን በመካከላቸው ጎትተው የሚያስገቡት በፍጥነታቸው ነው። ዝግ ባሉ ቁጥር የሚገባው ዘይት ይሳሳል። በተጨማሪም ካምሻፍታቸው በሞተሩ ብሎክ ውስጥ በሆነ ብዙ ሞተሮች ጉብታዎቹ ዘይት የሚያገኙት ክራንክሻፍቱ ሲዞር ከሚረጨው ነው። በሚኒሞ የሚረጨው ትንሽ ነው። ሞተሩ ግሎ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ራሱ ቀጥኗል። ሦስቱ በአንድ ላይ ሲመጡ የብረቱ ቆዳ ከብረት ጋር ይገናኛል።

(አጭር ሙዚቃ)

ግን 60 ኪሎ ለብረት ምንድን ነው? ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው የክብደቱ መጠን ሳይሆን ክብደቱ የሚያርፍበት ስፋት ነው። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን በቀጭን ገመድ ቢያነሡት ጣት ይቆርጣል፤ በሰፊ ጨርቅ ቢያነሡት ያው ክብደት ምንም አይልም። የካም ጉብታና የታፔቱ ፊት የሚነካኩት እንደ ክር በቀጠነ መስመር ላይ ነው። ሁለቱ ብረቶች በመጠኑ ተጨፍልቀው ያንን መስመር ካላሰፉት በስተቀር ስፋት የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ በዚያች መስመር ላይ ያለው ጫና የአረብ ብረትን ጥንካሬ የሚፈታተን ነው፤ የጉብታው ስፋት፣ የጫፉ ክብነት፣ የብረቱ ጥራት ሁሉ የሚቆጠረው እዚያ ላይ ነው። የሞተር ዲዛይን የሚለያየውም በዚሁ ነው፤ ሁሉም ዲዛይነር ይህን ጫና ከአንዱ ቦታ አንሥቶ ወደ ሌላው ያዛውራል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።

ከጥንቶቹ እንጀምር። ካምሻፍቱ በብሎኩ ውስጥ ሆኖ ፑሽሮድ የተባለ ረጅም ዘንግ ሮከሩን የሚገፋበት ሞተር አለ። የድሮው ኮሮላ የኬ ሞተር እንዲህ ነው፤ በየመንገዳችን የምናየው ሲኖትራክ ላይ ያለው ደብሊውዲ 615ም እንዲሁ ነው፤ ቮልስዋገን ቢትልም እንዲሁ። በዚህ ዲዛይን ሮከሩ ቫልቩን ከካሙ የበለጠ እንዲያንቀሳቅስ ተደርጎ ይሠራል፤ ካሙ 1 ሚሊሜትር ሲያነሣ ቫልቩ 1 ተኩል ሚሊሜትር ይወርዳል እንበል። የሚያምር ነገር ነው፤ ዋጋው ግን የሚከፈለው በካሙ በኩል ነው። እንቅስቃሴው አንድ ተኩል ጊዜ ሲበዛ ኃይሉም በካሙ በኩል አንድ ተኩል ጊዜ ይበዛል። ቫልቩ ዘንድ 60 ኪሎ የሆነው ሞላ ካሙ ዘንድ 90 ኪሎ ይሆናል።

ይህን ጫና ለመቋቋም የቀድሞ መሐንዲሶች ብልሃት ነበራቸው። ጠፍጣፋ የሚመስለው የታፔት ፊት እውነተኛ ጠፍጣፋ አይደለም፤ በጣም በትንሹ ያበጠ ነው። ጉብታውም በትንሹ ዘመም ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ካሙ ሲዞር ታፔቱም በራሱ ዙሪያ ይዞራል፤ ሁልጊዜ አዲስ የፊት ክፍል ለጉብታው ያቀርባል። መዞሩን ያቆመ ታፔት ከአንድ ቦታ ላይ ሳይንቀሳቀስ ይታሻል፤ በዚያን ጊዜ ጉብታውም ታፔቱም በፍጥነት ያልቃሉ። ቴስታታ ወይም ካሙ ሲፈታ ታፔቶቹን በተርታ አስቀምጣችሁ ፊታቸውን ተመልከቱ። የክብ ክብ ምልክት ያለው ሲዞር ኖሯል ማለት ነው። አንድ ቀጥ ያለ ጭረት ብቻ ያለው ግን ቆሞ ሲታሽ ኖሯል።

ቢትልን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ስምንት ቫልቮች አሉት፤ በካምሻፍቱ ላይ ያሉት ጉብታዎች ግን አራት ብቻ ናቸው። ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ ትይዩ ስለተኙ አንዱ ጉብታ በአንድ ዙር ሁለት ታፔት ያነሣል። ዘመናዊ መሐንዲስ አይደፍረውም ይሆናል፤ በሞላዎቹ ለስላሳነትና በዝግተኛ ዙሩ ግን ለዓመታት አገልግሏል።

ከዚያ ካምሻፍቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ቴስታታው ላይ ተቀመጠ። ፑሽሮዱ ቀረ፤ የሚንቀሳቀሰው ክብደትም ቀለለ። ነገር ግን ካሙን ወደ ላይ ማውጣት ብቻውን ችግሩን እንደማይፈታ ከላዳ የበለጠ የሚያስረዳ መኪና አላውቅም።

በደርግ ዘመን በብዛት ገብታ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የአዲስ አበባ ሰማያዊ ታክሲ የነበረችውን ላዳ የማያውቅ የለም። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1966 ከጣሊያኑ ፊያት ጋር ተዋውላ በቶሊያቲ ከተማ ፋብሪካ ስትተክል መነሻው ፊያት 124 ነበር። ፊያት 124 ግን በፑሽሮድ የሚሠራ ሞተር ነበረው። ሶቪየቶቹ ካምሻፍቱ ከላይ የሆነ አዲስ ሞተር እንዲሆንላቸው ፈለጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 መመረት የጀመረችው ላዳ ይህን ይዛ ወጣች። ሞተሩ ጎበዝ ሞተር ነው። ድክመቱ ግን ካሙ ነበር። በእያንዳንዱ ቫልቭ ላይ ሁለት ሞላ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ተቀምጧል። ሮከሩ አንድ ጫፉን በብሎን ራስ ላይ ተደግፎ በሌላው ጫፉ ቫልቩን ይጫናል፤ ካሙ መሀሉ ላይ ያርፋል። ስለዚህ በካሙ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሞላው ግፊት ይበልጣል፤ የሮከሩ ፊት ደግሞ እንደ ታፔት አይዞርም፤ ሁልጊዜ ያው ቦታ ይንሸራተታል። ውጤቱ የተበላ ካምና የተላጠ ሮከር ሆነ። ፋብሪካው የካሙን ቆዳ የማጠንከሪያ ዘዴ ደጋግሞ መቀየር ነበረበት፤ በመጨረሻም የጉብታው ቆዳ በፍጥነት ቀዝቅዞ እጅግ ጠንካራ የሚሆንበት የብረት አሠራር ላይ ደረሰ። ለላዳ ሹፌሮች «ካሙ ቴክ ቴክ ይላል» የሚለው አባባል የዕለት ቋንቋ የነበረው በከንቱ አልነበረም።

በአውሮፓ ፎርድም ያንኑ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ፒንቶ የሚባለውን ሞተር ከላዳ ጋር በተመሳሳይ አሠራር አወጣ። እዚያ ዘይት የሚረጨው በካሙ ላይ የተዘረጋ ቀጭን ቧንቧ ነው፤ ቧንቧው በቆሻሻ ሲዘጋ ካሙ ያልቃል። ሁለቱ ታሪኮች የሚያስተምሩት አንድ ነው፦ የማይዞርና የሚንሸራተት ሮከር ዘይትና የብረት ጥራት ላይ ይቅርታ አያውቅም።

ሦስተኛውን ዲዛይን በመቀሌ ጎዳናዎች በየቀኑ ታዩታላችሁ። ሃይስ ሚኒባስ ላይ ያለው ፋይቭ ኤል ናፍታ ሞተር፣ ላንድክሩዘር ላይ ያለው ዋን ኤችዜድ፣ ሁለቱም ካሙ በኩባያ መልክ በተሠራ ታፔት አማካይነት ቫልቩን በቀጥታ ይጫናል። ሮከር የለም፤ ስለዚህ የሚያባዛ ነገር የለም። ሞላው 50 ኪሎ ከሆነ ካሙም 50 ኪሎ ነው የሚያየው። ኩባያው ይዞራል፤ ዘይቱም ቴስታታው ላይ በጉብታዎቹ ሥር ይጠራቀማል። ካም የመበላት ጉዳይ በእነዚህ ሞተሮች ላይ እምብዛም የማይነሣው ለዚህ ይመስለኛል። ችግራቸው ሌላ ነው፤ የቫልቭ ክፍተታቸው የሚስተካከለው በብሎን ሳይሆን ውፍረቱ በተለካ ስስ ሰሌዳ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያስተካክለው ዓመታት ያልፋሉ።

አራተኛው ሮለር ነው። በሮከሩ መሀል ትንሽ ጎማ መሰል መዘውር ይገባና መንሸራተቱ ወደ መንከባለል ይለወጣል። አዲሶቹ ኮሮላዎች ላይ ያለው የዜድአር ሞተር እንዲህ ነው። ሰበቃው በእጅጉ ይቀንሳል፤ ጠንካራ ሞላም ይሸከማል። ሆኖም የመዘውሩ ትንንሽ መርፌ ኩሽኔታዎች በቆሸሸ ዘይት ሲያልቁ መዘውሩ መዞር ያቆማል፤ በዚያን ቀን ካሙን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል።

ባጃጅ ያላችሁም በቸልታ አትለፉት። ቱ ስትሮክ ከሆነ ቫልቭም ካምም የለውም፤ ዝግጅታችን አይመለከታችሁም። ፎር ስትሮክ ከሆነ ግን ያ ትንሽ ሞተር የሚኖረው በአንድ ሊትር ገደማ ዘይት ነው፤ ያች ሊትር ስታንስ መጀመሪያ የሚጠማው ካሙ ነው።

ሞላን ጨርሰው ለማስቀረት የሞከሩም አሉ። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1954 በውድድር መኪናው፣ ዱካቲ በ1956 በሞተር ሳይክሉ ላይ ቫልቩን የሚዘጋ ሌላ ጉብታ ሠሩለት። ሬኖ ደግሞ በ1986 በፎርሙላ ዋን ውድድር በሞላ ፋንታ የታመቀ አየር ተጠቀመ። ለእኛ ናፍታ መኪና የሚሆኑ አይደሉም፤ ግን ሞላው ለመሐንዲሶች ምን ያህል ራስ ምታት እንደሆነ ይናገራሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ጋራዣችን እንምጣ። እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አያለሁ፤ የሚገርመው ሁለቱም ከአንድ ሥራ ነው የሚወለዱት፤ ከቫልቭ ማስፈጨት።

ቫልቩና መቀመጫው ሲፈጩ ቫልቩ ወደ ቴስታታው ጠልቆ ይገባል። ጭራው በላይ በኩል ይወጣል፤ የሞላው ቦታም ይረዝማል። ሞላው በእያንዳንዱ ሚሊሜትር 3 ኪሎ የሚጨምር ከሆነ፣ 1 ሚሊሜትር የጠለቀ ቫልቭ 3 ኪሎ ግፊት አጥቷል ማለት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ የተፈጨ ቴስታታ ላይ ሞላው ያረጀ ከሆነ ደግሞ 30 የነበረው 22 ሊሆን ይችላል። ይህ አንደኛው ስህተት ነው፤ ሳይለኩ መግጠም።

በእኛ መልክዓ ምድር ደካማ ሞላ ቀልድ አይደለም። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ሹፌሩ ያንን ለማካካስ በዝቅተኛ ማርሽ ዙሩን ከፍ አድርጎ ይነዳል። ከዚያም ቁልቁለቱ ይመጣል። ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርደውን ግራ ካሕሱን አስቡት፤ ጥምዝምዝ መንገድ፣ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁለት። የናፍታ ፓምፕ ገዢ ነዳጁን ይቆርጣል እንጂ ጎማው ሞተሩን እንዳያስሮጠው ሊያግድ አይችልም። የተጫነ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ ሲሸሽ ዙሩ ፋብሪካው ካሰበው ያልፋል፤ ደካማው ሞላ ቫልቩን ማስመለስ ያቅተዋል። በናፍታ ሞተር ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከቫልቩ ጋር ያለው ርቀት አንድ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ቀሪውን ታውቁታላችሁ፤ የጎበጠ ፑሽሮድ፣ የተሰበረ ሮከር፣ አንዳንዴም ቫልቭ የወጋው ፒስተን።

የጭስ ማውጫውን በመዝጋት መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ላይም ሞላው የራሱ ድርሻ አለው። ጭሱ ሲታፈን ግፊቱ የጭስ ቫልቩን ከኋላ ይገፋዋል። ስፋቱ 40 ሚሊሜትር በሆነ ቫልቭ ላይ 4 አትሞስፌር ግፊት 50 ኪሎ ገደማ ኃይል ይሆናል። ሞላው ከዚያ በታች ከሆነ ቫልቩ በራሱ ይከፈታል፤ ሲመለስም ራሱን ይቀጠቅጣል። ስለዚህ ፋብሪካው ለእንደዚህ ያለ መኪና ጠንካራ የጭስ ሞላ ሲያዝ ምክንያት አለው።

ሁለተኛው ስህተት የዚህ ተቃራኒ ነው። መካኒኩ ሞላው ደክሟል ብሎ ሥሩ ላይ ሰሌዳ ይጨምራል። የጠለቀውን ቦታ ለመመለስ ልኩን የጨመረ ከሆነ ትክክል ሠርቷል፤ 1 ሚሊሜትር ለጠለቀ 1 ሚሊሜትር። ነገር ግን «ይጠንክር» ብሎ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሲጨምር፣ ወይም ከሌላ ሞተር የመጣ ወፍራም ሞላ ሲያስገባ ሂሳቡ ለካሙ ይተላለፋል። በፑሽሮድ ሞተር ላይ የጨመረው 10 ኪሎ ለካሙ 15 ኪሎ ነው። የከፋው ደግሞ ቫልቩ ጨርሶ ሲከፈት የሞላው ቀለበቶች ተጣብቀው ቦታ ሊያጡ ይችላሉ፤ በዚያን ጊዜ ሞላ መሆኑ ቀርቶ የብረት ቱቦ ይሆናል፤ የሆነ ነገር ይሰበራል። ቫልቩ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ቢያንስ የ1 ሚሊሜትር ትርፍ እንቅስቃሴ መቅረት አለበት።

እኔ የምለው ቀላል ነው፤ ይለካ። አዲስ ሞላ ከአሮጌው አጠገብ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ይቁም፤ የርዝመት ልዩነቱ በዓይን ይታያል። በሚዛን ላይ በሞርሳ ወይም በፕሬስ በተገጠመበት ቁመቱ ልክ ተጭኖ ስንት ኪሎ እንደሚያነብ ይታይ። ከፋብሪካው ቁጥር አንድ አሥረኛ የቀነሰ ሞላ ይጣላል። ቀለበቶቹ በአንድ ጫፍ የተጠጋጉ ሞላ ከሆነ የተጠጋጋው ጫፍ ወደ ቴስታታው ይሁን፤ ተገልብጦ ሲገጠም የሚንቀሳቀሰው ክብደት ይጨምራል። ይህን ተገልብጦ ያየሁባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው።

ካሙ መበላቱን ሳይፈቱ ማወቅስ ይቻላል ወይ? ይቻላል። አንድ ቫልቭ ክፍተቱ በየጊዜው እየሰፋ ደጋግሞ ማስተካከል ከጠየቀ፣ ሌሎቹ ግን ልካቸውን ከያዙ፣ እሱን ማስተካከላችሁን አቁሙና ካሙን ለኩ። ክፍተት መሙላት ድምፁን ያጠፋል እንጂ የተበላውን ጉብታ አይመልስም። በፑሽሮድ ሞተር ላይ ክዳኑን ብቻ አንሥቶ ሞተሩን በእጅ እያዞሩ እያንዳንዱ ፑሽሮድ ስንት ሚሊሜትር እንደሚነሣ መለካት በቂ ነው። ሌሎቹ 7 ሚሊሜትር ሲነሱ አንዱ 5 ከተነሣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ክፍተቱ እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከካሙ አይደለም፤ ቫልቩ ወደ መቀመጫው እየጠለቀ ነው።

ካም ሲቀየር ታፔቶቹም አብረው ይቀየራሉ። አሮጌ ታፔት አሮጌ ጉብታን ተላምዷል፤ አዲሱን ካም በጥቂት ሰዓታት ሊያበላሸው ይችላል። ካሙ ሳይቀየር ከተፈታም እያንዳንዱ ታፔት ቁጥር ተጽፎበት ወደነበረበት ጉብታ ይመለስ። በቶርኖ ቤት ብየዳ ተሞልቶ የተሞረደ ጉብታን በተመለከተ ደግሞ አቋሜ የጠነከረ ነው፤ ብየዳው የቆዳውን ጥንካሬ እኩል አያደርገውም፤ ለጊዜው ካልሆነ በቀር አልመክርም።

አዲስ ካም የተገጠመበት ሞተር ሲነሣ በሚኒሞ አይቆይ። ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ጉብታዎቹ በሞተር ቅባት ወይም በወፍራም ዘይት ተቀብተው፣ ሞተሩ እንደተነሣ ወደ 2000 ዙር ከፍ ብሎ 20 ደቂቃ ያህል ከፍና ዝቅ እያለ ይሥራ። ታፔቶቹ መዞር የሚጀምሩት፣ ዘይት በብዛት የሚረጨው በዚህ ጊዜ ነው። ሁለት ሞላ ባለው ሞተር ላይ አንዳንድ ባለሙያዎች ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የውስጠኛውን ሞላ አውጥተው ያስነሣሉ፤ ጊዜ ካላችሁ የሚያዋጣ ጥንቃቄ ነው።

ስለ ዘይቱ አንድ ቃል። በሞተር ዘይት ውስጥ ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም አለ፤ ብረት ከብረት ሲገናኝ ከላይ ተቃጥሎ የሚከላከል ስስ ሽፋን ይሠራል። ለአዳዲስ ቤንዚን መኪኖች የሚሠሩት ዘይቶች የጭስ ማጣሪያውን እንዳይጎዱ ይህ ቅመም ተቀንሶላቸዋል። ሮለር ላለው ሞተር አይጎዳም። ላዳ ወይም የኬ ሞተር ላይ ያንን ዘይት መጨመር ግን የካሙን መከላከያ መቀነስ ነው፤ ለእነዚህ ሞተሮች ለናፍታ የተሠራ ዘይት የተሻለ ነው እላለሁ።

በመጨረሻ በትግራይ ብዙ ባለንብረት የገጠመውን አንድ ጉዳይ ላንሣ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እስከተፈረመበት ጊዜ ድረስ ነዳጅ ጠፍቶ ስንትና ስንት መኪና በየግቢው ቆመ። ከአንድ ዓመት በላይ ሳይነሣ የቆየ ሞተር ላይ ካሙ ደርቋል፤ ዘይቱ ተንጠባጥቦ ወርዷል። በአሮጌው ዘይት ውስጥ የነበረው አሲድና እርጥበት በጉብታዎቹና በሞላዎቹ ላይ የዝገት ነጠብጣብ ይተዋል። ሞተር ሲቆም ደግሞ ሁልጊዜ የተከፈቱ ቫልቮች ይኖራሉ፤ የእነሱ ሞላ በዚያ ሁሉ ጊዜ ተጨምቆ ነው የቆየው።

እስካሁን ያልተነሣ መኪና በግቢያችሁ ካለ ቁልፉን ከመጠምዘዛችሁ በፊት ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ። የቴስታታውን ክዳን ክፈቱ፤ ካሙ ከላይ ከሆነ በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ አዲስ ዘይት አፍስሱ። ሞላዎቹን በባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ ተመልከቱ። ነጠብጣብ ዝገት የነካው ሞላ ቢሠራም ይቀየር፤ ሞላ የሚሰበረው ከእንደዚያ ካለች ትንሽ ጉድጓድ ተነሥቶ ነው፤ የሚሰበረውም ዛሬ ሳይሆን ከወራት በኋላ ግራ ካሕሱ ላይ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን መጀመሪያ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩት። ከዚያ ነዳጁን ቆርጣችሁ፣ ቤንዚን ከሆነ የኮይሉን ሽቦ ነቅላችሁ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በስታርተር በአጭር በአጭሩ አዙሩ። ሲነሣ ወደ 1500 ዙር ያዙት፤ ለጥቂት ደቂቃዎች በሚኒሞ እንዳይቀመጥ። ከሳምንት በኋላ የቫልቭ ክፍተቱን እንደገና ለኩ፤ የሰፋ ካለ ያችን ጉብታ ተከታተሏት።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን የናፍታ ፓምፕና የኖዝል ጉዳይ ይዘን እንመለሳለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)